የብርድ አገር ወይን በቀበና

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ በእጄ የጻፍኩት ቢኖር በሳጥን ላይ የሚለጠፍ ቁጥርና ለአክስቴ የላክሁላት ሁለት ደብዳቤ ብቻ ነው። አሁንም የምጽፈው የመጋዘናችን ኃላፊ ጋሼ ደምሴ ስላዘዙኝ ነው። ሁለት አዲስ ልጆች ሊቀጠሩ ነውና «ሥራውን አስረጂያቸው» አሉኝ። ሰው ፊት ቆሜ ማስረዳት አልችልም አልኳቸው።

«እንግዲያው ጻፊላቸው» አሉኝ። «ወረቀት አያፈጥብሽም።»

ሥራ የጀመርኩት በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። አሁን ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። መጋዘኑ ቀበና ወንዝ ዳር ያለው የድንጋይ ቤት ነው። ፎቁ ያኔ የሙሴ አርማን መኖሪያ ነበር፤ ምድር ቤቱ የወይን ጠጅ ማስቀመጫ ነው። ሙሴ አርማን ፈረንሳዊ ናቸው። ወይን ጠጅ ከአገራቸው በመርከብና በባቡር እያስመጡ ለሆቴሎችና ለትልልቅ ቤቶች ይሸጡ ነበር። ጋሼ ደምሴ ደግሞ ከየካ ተራራ ጀርባ ገብስ ሲያርሱ ኖረው ወደ ከተማ የገቡ ሰው ናቸው። ሲቆጡ በኦሮምኛ፣ ሲያዝዙ በአማርኛ፣ ከሙሴ ጋር ሲከራከሩ በፈረንሳይኛ ነው።

እናቴ ጠጅ ጣይ ናት። ጋሼ ደምሴ ደንበኛዋ ስለነበሩ «የሷ ልጅ ዕቃ ማጠብ ታውቃለች» ብለው ነው የወሰዱኝ።

«ብርጭቆ ታጥቢያለሽ?» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን።

«አዎ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«አዎ።»

«ድምፅሽን ቤት ረስተሽው ነው እንዴ የመጣሽው?» አሉና ወደ ማጠቢያው መሩኝ።

የወይን ብርጭቆ የሚታጠበው በሙቅ ውሃ ብቻ ነው። ሳሙና ከነካው ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል። የሚያዘው በእግሩ ነው፤ ሆዱን በጣት መንካት አይፈቀድም። በንጹሕ የበፍታ ጨርቅ ይደርቅና በፀሐይ ብርሃን ይታያል። ወይን በሚቀመስበት ቀን ሽንኩርት የከተፈ፣ ሽቶ የተቀባ ወይም ቅቤ የነካ ሰው ወደ መቅመሻው ክፍል አይገባም። ከእንጦጦ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ በተራራው በኩል ያለው መስኮት ይዘጋል፤ የባሕር ዛፉ ሽታ ገብቶ ይበጠብጣል።

የሥራው ደረጃ ሦስት ነው፤ አጣቢ፣ አሳላፊ፣ ቀማሽ። አጣቢ ሆኜ ሁለት ዓመት ሠራሁ። በሦስተኛው ዓመት አሳላፊ ሆንኩ። አሳላፊ ቡሹን ይነቅላል፣ ቡሹንና የጠርሙሱን አፍ ያሸታል፣ የሻገተ ካለ ለይቶ ያወጣል፣ ከዚያ ይቀዳል። ቀማሽ ሙሴ አርማን ብቻ ነበሩ።

ብዙ ዓይነት ወይን ብናስመጣም ሙሴ አብልጠው የሚወዱት ሻብሊ ከሚባለው አገር የሚመጣውን ነጭ ወይን ነው። ፍሬው ሻርዶኔ ይባላል። አገሩ ብርድ ነው። ውርጭ በኅዳር የእኛን ባቄላ እንደሚመታው እዚያም የወይኑን ቡቃያ ይመታዋል፤ ገበሬው ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በተክሉ መካከል እሳት ያነዳል። ይህን የነገሩኝ ሙሴ ናቸው። እኔ ጥያቄ ስለማልጠይቅ ሳልጠይቃቸው ይነግሩኝ ነበር።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስቀምሰው ወደ ባልዲው ተፋሁት።

«ምን ይላል?» አሉኝ ጋሼ ደምሴ።

«ኮምጣጤ።»

«አንቺ እኮ በማር ነው ያደግሽው» ብለው ሳቁብኝ።

ሙሴ ግን አልሳቁም። ያንኑ ሻርዶኔ ሞቅ ካለ አገር የመጣውን አስከፍተው ከጎኑ አስቀመጡልኝ። ቢጫነቱ የደመቀ ነው፤ ሽታው የበሰለ ፍሬና ማር ነው፤ አፍ ይሞላል። ወዲያው ደስ አለኝ። «አሁን ወደ መጀመሪያው ተመለሺ» አሉኝ። ተመለስኩ። ያኔ እንጦጦ ሥር ያለው የአጎቴ ኮክ ትዝ አለኝ። ዛፉ ብርድ ላይ ስለሆነ ፍሬው ዘግይቶ ነው የሚበስለው፤ ትንሽ ነው፣ ጥርስ ያጠርሳል፣ ሽታው ግን ቤቱን ያውደዋል። ከቆላ በቅርጫት የሚመጣው ኮክ ይጣፍጣል፤ ከዋጡት በኋላ ግን የሚቀር ነገር የለውም። ይህን በልቤ አሰብኩ እንጂ ለማንም አልተናገርኩም።

ወይን የሚቀመሰው ረፋድ ላይ፣ አራት ሰዓት ሲሆን ነው፤ አፍ ንጹሕ የሚሆነው ያኔ ነው ይላሉ። እኔ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ስለዚህ በእነዚህ ቀናት ማሽተት እንጂ መቅመስ የለም። ጋሼ ደምሴ «ግማሽ አሳላፊ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ለአፍንጫዬ ግን የጠቀመው ይህ ነው። አፌ ሥራ ሲፈታ አፍንጫዬ ለሁለት መሥራት ለመደ።

አሁን ስለ ጥፋቴ ልጻፍ።

አሳላፊ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አቶ ሥዩም የዓመቱን ወይን ሊመርጡ እንደሚመጡ ተነገረን። አቶ ሥዩም የአንድ ትልቅ ሆቴል ዕቃ ገዢ ናቸው፤ ከሻብሊያችን ግማሹን የሚወስዱት እሳቸው ነበሩ። የሚቀርቡላቸው አራት ጠርሙሶች ናቸው፤ አራቱም አንድ ፍሬ፣ አንድ አገር፣ ገበሬያቸው ግን የተለያየ። ጋሼ ደምሴ በማለዳ ዕቃ ለመረከብ ወደ ለገሃር ሄዱ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

ብርጭቆዎቹን ከቁም ሣጥን ሳወጣ የክረምት እርጥበት ይዟቸዋል፤ ሻጋታ ሻጋታ ይላሉ። በሙቅ ውሃ አጠብኳቸው። አሁንም ያለ መሰለኝ። እናቴ የተከበረ እንግዳ ሲመጣ ማሰሮውንም ጋኑንም በወይራ ታጥናለች፤ ያልታጠነ ዕቃ ለእሷ አልታጠበም። እኔም የወይራ ፍልጥ አመጣሁ፣ በገል ላይ ፍም አደረግሁ፣ ሃያ አራቱን ብርጭቆ አንድ በአንድ በጢሱ ላይ ደፍቼ አጠንኳቸው። በበፍታ ወለወልኳቸው። ጠረጴዛው ላይ ስደረድራቸው ያበሩ ነበር። እንደዚያ ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

አቶ ሥዩም በሰዓታቸው መጡ። ጠርሙሶቹን በጨርቅ ሸፍኜ፣ ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ሰጥቼ ቀዳሁ። ሙሴና እሳቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

አቶ ሥዩም የመጀመሪያውን አሸተቱና አስቀመጡት። ሁለተኛውን አነሡ። ወደ መጀመሪያው ተመለሱ።

«ሙሴ፣ ይሄ ነገር ጢስ ጢስ ይለኛል።»

ሙሴ ብርጭቆውን አዙረው አሸተቱ። «ጢስ? የለም። አረንጓዴ ፖም፣ ድንጋይ። ንጹሕ ነው።»

«አራቱም እኮ ነው!»

ሙሴ ሌላ ብርጭቆ አነሡ። እንደገና አሸተቱ። «የበርሜሉ እንጨት ይሆናል» አሉ።

አንደኛውና ሁለተኛው እንጨት ነክቷቸው አያውቅም። ያደጉት በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ነው። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ሙሴ ናቸው።

ያን ጊዜ ሁለት ነገር አንድ ላይ ገባኝ። የመጀመሪያው ጢሱ የእኔ መሆኑ ነው። ነጠላዬና ፀጉሬ ወይራ ወይራ ስለሚሉ ቡሾቹን ሳሸት እንኳ አልለየሁትም። ሁለተኛው ደግሞ ሙሴ እንደማይሸታቸው ነው። ሐምሌን በሙሉ በሳምባ ምች ተኝተው ነበር። ከተነሡ ወዲህ ብርጭቆ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ወደ እኛ ይመልሱና «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ይሉ ነበር። እኔ ሊያስተምሩን መስሎኝ ነበር።

አቶ ሥዩም ማስታወሻቸውን አጠፉ። «ዕቃው መንገድ ላይ እሳት አጠገብ ሰንብቷል ማለት ነው። ይህን ለእንግዳ አላቀርብም። ዘንድሮ ከሌላ ቦታ እወስዳለሁ፤ አይቀየሙኝ።»

ዝም ካልኩ ምንም ያልሆነው ወይን ተበላሸ ተብሎ ይቀራል፤ እዚያ እየሠራን እንጀራ የምንበላ ስምንት ሰዎች ነበርን። ከተናገርኩ እኔ እባረራለሁ። ያ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ስናገር ግን ሙሴ እፊታቸው ያለውን ጢስ እንዳላሸተቱ ይታወቃል። ቀማሽ አፍንጫ የለውም ከተባለ ምን ይቀረዋል?

አቶ ሥዩም ባርኔጣቸውን አነሡ።

«ጌታዬ» አልኩ። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። «ወይኑ ምንም አልሆነም። ብርጭቆው ነው። ያጠንኩት እኔ ነኝ።»

«በምን?»

«በወይራ።»

ያልተቀዳበት ብርጭቆ አንሥተው አሸተቱ። ሳቃቸው ፈነዳ፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ጠጅ ቤት አደረገችን እኮ! ማን አጥኚ አለሽ?»

«ማንም። ለእንግዳ ክብር ብዬ ነው።»

ከዚያ ሳቃቸው ቆመና ቀስ ብለው ወደ ሙሴ ዞሩ። «እርስዎ ግን... አልሸተተዎትም?»

ሙሴ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ከሐምሌ ጀምሮ ምንም አይሸተኝም» አሉ። «ሳሙናም፣ ትምባሆም፣ ምንም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አስካለ፣ ፊትሽን ታጠቢ። ነጠላሽን ቀይሪና የሻይ ብርጭቆ ይዘሽ ነዪ» አሉኝ።

ግቢው ውስጥ ቧንቧው ሥር ፊቴንና እጄን ታጠብኩ። የጎረቤት ነጠላ ተዋስኩ። ጢሱ ካፍንጫዬ እስኪወጣ ትንሽ ቆምኩ። ስመለስ ሙሴ ከራሳቸው ጎን ወንበር ስበው ነበር። «እሷ ታሽት» አሉ።

አራቱን በሻይ ብርጭቆ ቀዳሁ።

«ቅመሺ እንጂ!» አሉኝ አቶ ሥዩም።

«ዓርብ ነው፣ ጌታዬ።»

«ይኸው፣ እኔም ዓርብ መሆኑን ረስቼ እጠጣለሁ» አሉና ብርጭቆውን ትንሽ ራቅ አደረጉት። ቆይተው ግን መልሰው ሳቡት።

መሬት መሬት እያየሁ ተናገርኩ። አንደኛው የሎሚ ልጣጭና ዝናብ የነካው ድንጋይ ነው፤ ስለታም ነው። ሁለተኛው ገና አረንጓዴ የሆነ የእንጦጦ ኮክ ነው፤ ከአንደኛው ለስለስ ይላል። ሦስተኛው እንጨት አለበት፤ አዲስ ቅቤና የተቆላ ገብስ ይሸታል። አራተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ምነው?» አሉ ሙሴ።

«ይሄኛው ዝናብ የበላው ጆንያ ነው። ቡሹ ሻግቷል። ቀድሜ ማውጣት ነበረብኝ።»

አቶ ሥዩም ወዲያው አሸተቱት። ራሳቸውን ነቀነቁ። የዚያኑ ገበሬ ሌላ ጠርሙስ ከፈትን፤ ደህና ሆነ። ሁለተኛውንና አራተኛውን አዘው ሄዱ።

ጋሼ ደምሴ ሲመለሱ ነገሩን ሰሙ። መጀመሪያ በኦሮምኛ ጮኹ። ከዚያ ወደ አማርኛ ገቡ። «ብርጭቆ በወይራ! ምነው ቡሹንስ በጌሾ አልቀቀልሽውም?» ቆይተው ግን ሳጥን ላይ ተቀመጡ። «ለወይኑ ደግ አደረግሽ። ለሰውየው ግን እንጃ» አሉኝ።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ሁለት ደንበኞች ቀሩብን። ሙሴ ሌሎች ነጋዴዎች ለቅምሻ ሲጠሯቸው መሄድ ተዉ። እኔን አላባረሩኝም፤ አልተቆጡኝምም። በየረፋዱ ከጎናቸው አስቀምጠው ያስሸትቱኝ ጀመር። እኔ በእኔ ቃል እናገራለሁ፤ እሳቸው በቅምሻ መጽሐፋቸው ላይ በእሳቸው ቋንቋ ይጽፋሉ። ኮክ ስል አንድ ነገር ይጽፋሉ፣ እርጥብ ድንጋይ ስል ሌላ። አንዳንዴ «የቱ ድንጋይ?» ይሉኛል። «የወንዝ ነው ወይስ የተራራ?» አስቤ እነግራቸዋለሁ።

ዓይናቸውን ማየት ግን አቃተኝ። እኔ ባላጥን ኖሮ ማንም አያውቅባቸውም ነበር እያልኩ አስብ ነበር። ከዚያ ሁለተኛውን ጥፋት ጀመርኩ። ይሄኛው ከወይራው ይብሳል።

ሙሴ ድሮ የሚያውቁትን ወይን ሲያቀርቡ ቀድመው ያስታውሱታል። «ይሄ ፀሐይ ከሚያገኘው አቀበት ነው። ማር አለው፤ አይደለም?» ይሉኛል። ማር አይሸተኝም። ፊታቸው ላይ ደስታ ሳይ ግን «አዎ ጌታዬ፣ አለው» እላለሁ። ይሉኝታ ነው። የወሰድኩባቸውን የምመልስላቸው መሰለኝ። ወራት እንዲህ አለፉ።

አንድ ማክሰኞ ሁለት ብርጭቆ ራሳቸው ቀድተው ጠበቁኝ።

«በግራ ያለው ቅቤ ይላል፤ አይደለም?»

አሸተትኩ። «ይላል፣ ጌታዬ።»

«በቀኝ ያለውስ? ሎሚ?»

«አዎ ጌታዬ፣ ሎሚ ነው።»

ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጠርሙስ አወጡ። «ሁለቱም የተቀዱት ከዚህ ነው» አሉኝ።

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ሙሴ አልጮኹም። ብርጭቆዎቹን ባልዲው ውስጥ ደፉ።

«እኔ አፍንጫ የለኝም፣ አስካለ» አሉ። «አንቺ እሺ ስትዪኝ ደግሞ ሁለታችንም የለንም።»

ስለዚህ አዲስ ለምትገቡት የምነግራችሁ ይህን ነው። ብርጭቆ በወይራ አታጥኑ። የእንጦጦውን መስኮት ዝጉ። ያልተሸተተ ጠርሙስ አትቅዱ። ምን ይሸታል ስትባሉም ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ተናገሩ፤ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው የሚወደውን አይደለም። ይህን ለመማር ሁለት ጥፋት ፈጅቶብኛል።

ሙሴ አርማን አምና ወደ አገራቸው ገቡ። መጋዘኑን ለሌላ ባለቤት አስተላለፉ፤ ግዢው ግን በጋሼ ደምሴና በእኔ እጅ እንዲቀር አድርገው ነው። በሄዱበት ዕለት መኪናው በር ላይ ቆሞ እየጠበቃቸው የመጨረሻውን ናሙና እንድንቀምስ ፈለጉ። አምስት ጠርሙስ ነበር፤ ሁሉም ሻብሊ።

ከመግባቴ በፊት ጋሼ ደምሴ በር ላይ ክንዴን ያዙኝ። «ሁለተኛው የታናሽ ወንድማቸው ነው» አሉኝ በቀስታ። «አባታቸው ከተከሉት ተክል ነው። ውርጭ ሦስት ዓመት መትቶት አሁን ገና ማፍራቱ ነው። ከእሱ እንድንገዛ ለምኖ ጽፎላቸዋል።»

«ለምን ነገሩኝ?» አልኳቸው።

«እኔም መናገሬን አልወደድኩትም» አሉና ለቀቁኝ።

ተቀመጥኩ። ማክሰኞ ስለነበር መቅመስ እችል ነበር። አንደኛው መልካም ነው። ሁለተኛውን አሸተትኩ። ቀመስኩ። ቆየሁና ደግሜ ቀመስኩ። ሙሴ ብዕራቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ካፖርታቸውን እንደለበሱ ነው። ጋሼ ደምሴ ወደ መስኮቱ ዞረው ቆመዋል።

«ሁለተኛው ባዶ ነው» አልኩ። «መጀመሪያ ትንሽ ሎሚ አለው። ከዚያ በኋላ ውሃ ነው። ዝናብ የበዛበት ይመስለኛል።»

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀለሙ ነጠብ አለ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።

ብርጭቆውን እንደገና አነሣሁ። አንድ ነገር ባገኝለት ብዬ ከልቤ ፈለግሁ። የለም።

«እርግጠኛ ነኝ፣ ጌታዬ።»

በአገራቸው ቋንቋ ረዘም አድርገው ጻፉ። ምን እንደጻፉ አላውቅም። የቀሩትን ሦስቱን ሳንቀምስ ተነሡ፣ ከጋሼ ደምሴ ጋር ተሳሳሙ፣ መጽሐፉን እጄ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ቀን ወዲህ አላየኋቸውም። በሩ ላይ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲያው አትግዙት» አሉኝ።